ሦስት ሞተር የቀራት ላንካስተር

ከዚያ ቀን በፊት ልደታ ውስጥ «ቤዛ» ብትሉ የሚያውቀኝ ስልኩ የተሰበረበት ሰው ብቻ ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ መበየጃና አንድ ማጉያ መነጽር ይዤ ሞባይል እጠግን ነበር። ሥራዬን አልጠላውም። ግን ደፋር ሰው አልነበርኩም። መንገድ እንኳ የምሻገረው ሌላ ሰው ሲሻገር ጠብቄ፣ ከጎኑ ተለጥፌ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥኩትም ትምህርቱ ከብዶኝ አልነበረም፤ የሆነ ነገር አበላሻለሁ የሚል ፍርሃት እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። አባቴ ገና በልጅነቴ ስላረፈ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እሷም ዝምተኛ ናት፣ እኔም ዝምተኛ ነበርኩ።

አንድ ቀን ሰይድ ሱቄ መጣ። ሰይድ ከልደታ አጠገብ ባለው አብነት ሰፈር ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ የወሎ ልጅ ነው፤ ሲስቅ ከሦስት ሱቅ ወዲያ ይሰማል። ከኪሱ የተቃጠለ ሞተር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው።

«ይሄ የምን ስልክ ነው?» አልኩት።

«የስልክ አይደለም፣ ቤዚ። የአውሮፕላን ነው።»

ሳቅሁ። እሱ ግን፣ ያ በሁሉ ነገር የሚስቀው ሰይድ፣ አልሳቀም። «ከሥራ ስትወጪ ወርክሾፔ ነይና እይው» ብሎኝ ሄደ።

ሄድኩ። ከመስኮት ፍሬሞቹ ጀርባ፣ ወለሉ ላይ፣ አፍንጫዋ የተጨፈለቀ አውሮፕላን ተጋድማለች። ርዝመቷ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። አጠገቧ ካኪ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንደታመመ ሰው ያዩዋታል። ጋሽ ተፈራ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውሮፕላን አካል ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታው አልስማማ ስላላቸው፣ የሰይድን ቁርጥራጭ አሉሚኒየም እየለመኑ አውሮፕላን መሥራት ጀምረዋል።

«ድሮን አይደለችም» አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው። «በሁለት ቀጭን ሽቦ ታስራ፣ የሚያበራት ሰው መሐል ቆሞ እጀታውን ይዞ፣ ዙሪያውን ነው የምትበረው። ሽቦው እስከተወጠረ ድረስ ትታዘዛለች።»

«ታዲያ ለምን ወደቀች?»

«ሁለት ትልልቅ ሞተር ሰቀልንላት። ገና ከመሬት ስትነሣ አንዱ ነደደ።» ከዚያ ፊታቸው በራ። «እንግሊዞቹም እንዲሁ ነው የጀመሩት!»

አንባቢዎቼ፣ እኔን ያጠመደኝ የዚያን ቀን ወሬያቸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ማንቸስተር የምትባል ከባድ ቦምብ ጣይ ሠርተው ነበር፤ ሁለት ግዙፍ ሞተር ያላት። ወረቀት ላይ ታምራለች፣ ሰማይ ላይ ግን ሞተሮቿ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ፣ ይቆማሉ። አንዱ ከቆመ ደግሞ ሌላው ብቻውን አይችላትም። ስንት ወጣት በዚህ አለቀ።

«ምን ያደረጉ ይመስልሻል?» አሉኝ ጋሽ ተፈራ። «አልጣሏትም! ክንፏን አረዘሙና አራት ሞተር ሰቀሉላት። ሜርሊን የሚባል፣ አነስ ያለ ግን የታመነ ሞተር። ስሟንም ለወጡት፤ ላንካስተር አሏት። ሰባት ሰው ነው የሚሳፈርባት። እኔን ያስተማረኝ እንግሊዛዊ በወጣትነቱ ከፓይለቱ ጎን ተቀምጦ አራቱን ሞተሮች የሚጠብቅ መሐንዲስ ነበር። ምን ይለን እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹በሦስት ሞተር ቤቷ ትገባለች። ከባሰባት በሁለትም ትሞክራለች።›»

ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። «አራት ሞተር ከአንድ ባትሪ ጋር የሚያስማማ ሰው ነው ያጣነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ ቤት አልሄድ አለኝ። ክንፏን አረዘምን። ጋሽ ተፈራ አሉሚኒየሙን የምታያይዘውን ሚስማር፣ እያንዳንዷን ሪቬት፣ በጣታቸው እየዳበሱ ያልወደዱትን ያስፈቱናል። እኔ የሞተሮቹን ሽቦ ዘረጋሁ፤ እጀታው ላይም ሁለት ቁልፍ አደረግሁ። አንዱ ሞተሮቹን የሚያፈጥንና የሚያቀዘቅዝ፣ ሌላው የሆዷን በር የሚከፍት። ጋሽ ተፈራ ትንሽ መለማመጃ አውሮፕላን ሠርተውልኝ እሷን ማብረር ለመድኩ። የመጀመሪያ ቀን ዞሮብኝ ወደቅሁ። ሰይድ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እንደዚያ የሳቅሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ምሳዬን ይዛልኝ ወርክሾፑ መጣች። ላንካስተራችን አራት ሞተሯን ደርድራ፣ ጥቁር ቀለሟን ተቀብታ ቆማለች። እናቴ ዞር ዞር ብላ አየቻትና «ሆዷ ለምንድን ነው የሚከፈተው?» አለች።

ጋሽ ተፈራ መዋሸት አያውቁም። «ቦምብ መጣያዋ ነው፣ ወይዘሮ አበራሽ» አሉ።

እናቴ የምሳውን ዕቃ መሬት ላይ አስቀመጠች። ዞራ ወጣች። ቤት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ መጫወቻ እኮ ናት» አልኳት።

«እኔ ልጅ ሆኜ ይሄ ነገር ገበያ ላይ መጥቷል» አለች። «ከሱ ሸሽቼ ነው አዲስ አበባ የገባሁት። ሌላ አትጠይቂኝ።»

እናቴ ከጦርነት እንደሸሸች አውቅ ነበር። ገበያ እንደነበር፣ አውሮፕላን እንደነበር ግን የዚያን ቀን መስማቴ ነው። በማግስቱ ለጋሽ ተፈራ «እኔ ልተወው» አልኳቸው። ካፖርታቸውን ቆለፉና ቤታችን ሄዱ። እኔ ተከተልኳቸው።

«ወይዘሮ አበራሽ፣ ልዋሽዎት አልመጣሁም» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «ያቺ አውሮፕላን ከተማ አቃጥላለች። ሕፃን ሽማግሌ አልለየችም። ይበሩባት ከነበሩት ልጆችም ግማሽ ያህሉ ሳይመለሱ ቀርተዋል። አስተማሪያችን ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁ ይቀንስ ነበር። ቀና ብሎ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው።»

እናቴ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች።

«ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ መጨረሻ፣ ሆላንድ ውስጥ ሕዝቡ በረሃብ እያለቀ ነበር። የአበባ ሥር ቀቅሎ እስከ መብላት ደርሷል። ያን ጊዜ ቦምቡን አውርደው በሆዷ ዱቄት ጫኑባት። ከጣሪያ በላይ ትንሽ ከፍ ብለው በረው ጣሉላቸው። ሰዉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንሶላ ያውለበልብ ነበር። ዘመቻውን ምን እንዳሉት ያውቃሉ? መና።»

«መና?» አለች እናቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ።

«እንደ መጽሐፉ። መና።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ አላያትም» አለች በመጨረሻ። «ልጄን ግን አልከለክልም።»

ስንመለስ ሰይድ ይህን ሰምቶ ጭንቅላቱን ሲያክ ቆየና «ታዲያ ሆዷ ባዶውን ለምን ይበራል? የእኔ እናት ዳቦ ቆሎ ትጥበስልን፣ እሱን እንጫንባት!» አለ።

ቀኑ የግንቦት ልደታ ሰሞን እሑድ እንዲሆን ተስማማን። ሰዉ ንፍሮውንና ዳቦውን ደጅ አውጥቶ ሲገባበዝ ሰንብቷል፣ ሰፈሩ ገና የበዓል ፊት አለው። ከወረዳው የመጣው ሰው የሰፈሩ ኳስ ሜዳ ላይ ሲያያት ደነገጠ።

«ፈቃዱ ላይ መጫወቻ ነው የሚለው። ይቺ ድሮን ናት!»

«ኧረ ታስራለች» አለው ሰይድ ሽቦውን እያሳየ። «እንደ ዓውደ ዓመት በግ። ብትፈልግም የትም አትሄድም።»

ሰውዬው ሽቦውን ጎተት አድርጎ ሞከረውና ሳቀ። ከዚያም ከሰው ሁሉ ፊት የመጀመሪያውን ቦታ ያዘ። ሜዳውን ዙሪያውን በገመድ አጠርነው። ከአብነት፣ ከኮንዶሚኒየሙ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሳይቀር ተሰበሰበ። ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ የታክሲ ረዳቶች፣ ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ። ከሜዳው ወዲያ ደመና እየጠቆረ ነው።

አብራሪው ጋሽ ተፈራ ነበሩ። ወደ ሜዳው መሐል መራመድ ሲጀምሩ ግን ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው የሰይድን ትከሻ ያዙ።

«ምን ሆኑ?» አልኩ ሮጬ ደርሼ።

«ደም ግፊቴ ነው። መሬቱ ይዞርብኛል። ገና ሳልዞር ከዞረብኝ አንድ ዙር አልጨርስም።» እጀታውን ወደ እኔ ዘረጉ። «እንቺ።»

«እኔ? ጋሽ ተፈራ፣ እኔ ትንሿን ነው ያበረርኩት! ለሌላ ቀን እናድርገው።»

«ሽቦዎቿን ማን ዘረጋ?»

«እኔ።»

«ስለዚህ ካንቺ በላይ የሚያውቃት የለም። ስሚኝ፤ አንድ ነገር ብቻ አትርሺ። ሽቦው ከላላ ያንቺ አይደለችም። ምንም ይምጣ ምን ሽቦው አይላላ።»

ወንበር አምጥተን ገመዱ ጥግ አስቀመጥናቸው። የሰፈሩ እግር ኳስ አስተባባሪ ድምፅ ማጉያውን አዋሳቸው። እኔ ብቻዬን ወደ መሐል ሄድኩ። ሰይድ ከወዲያኛው ጫፍ ጭራዋን ይዞ ተንበርክኳል። ቁልፉን ገፋሁ። አራቱ ፕሮፔለር አንድ በአንድ ተነሡ፤ ድምፃቸው ተጋጥሞ ወፍራም ጉርምርምታ ሆነ።

«ልቀቃት!»

ሰይድ ለቀቃት። ሮጠች፣ ነጠረች፣ ጭራዋ ተነሣ፣ ከዚያ መሬቱ ከሥሯ ጠፋ። አቤት አጎታተት! እንደ ሰባ ወይፈን ክንዴን ሊነቅለው ደረሰ። እኔ እዞራለሁ፣ እሷ ትዞራለች። ከጀርባዋ ሰዉ፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ ሁሉም ተደባልቆ ይሮጣል። አንድ ነገር ብቻ አይንቀሳቀስም፤ እሷ። ጥቁር፣ ባለ ሁለት ጭራ፣ አራት የብርሃን ክብ ክንፏ ላይ የተሰካላት። «እየበረረች ነው!» ብዬ ጮህኩ፣ ማንም እንደማይሰማኝ እያወቅሁ። ሰዉ እልልታውን አቀለጠው። እጀታውን ትንሽ ሳዘነብል ወጣች፣ ስመልሰው ወረደች። የምለውን ሁሉ ትሰማለች! በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያን ጊዜ ነው ነፋሱ የመጣው። የግንቦት ዝናብ ከመጣሉ በፊት የሚልከው ያ አቧራ የሚያነሣ ነፋስ። ላንካስተሯ ተንገዳገደች። ቀጥሎ በእኔ በኩል ካለው ክንፍ ጫፍ ቀጭን ጭስ ወጣ። አንዱ ክብ ጠፋ። ፕሮፔለሩ ቆመ።

የተቃጠለው የወዲያኛው ክንፍ ሞተር ቢሆን ኖሮ ወደ ውጭ ትስብና ሽቦው የባሰ ይወጠር ነበር። የተቃጠለው ግን የእኔ በኩል ነው። በወዲያኛው ክንፍ ያሉት ሁለቱ እየገፏት አፍንጫዋ ወደ መሐል ዞረ። ወደ እኔ። እጄ ውስጥ የነበረው ጉተታ በአንዴ ጠፋ። ሽቦው ላላ።

«ልቀቂውና ሩጪ! ቤዛ፣ ሩጪ!» ሰይድ ነው።

«ወደ ኋላ! ፊትሽን ሳትመልሺ ወደ ኋላ!» ጋሽ ተፈራ ናቸው፣ በድምፅ ማጉያው።

መልቀቅ ቀላል ነበር። መልቀቅ የኖርኩበት ነገር ነው። ግን ከለቀቅኋት ወዴት ትሄዳለች? ከገመዱ ወዲያ ሕፃናት አሉ። ዓይኔን ከእሷ ሳልነቅል ወደ ኋላ ሮጥኩ። ድንጋይ ረግጬ ልወድቅ ስል በተረከዜ ተመልሼ ቆምኩ። አሁንም ሮጥኩ። ሽቦው ጫፉ ላይ ንዝር አለ። ከዚያ ተወጠረ። ያዝኳት!

«ጎበዝ! አሁን ሆዷን ክፈቺ! ጭነቱን ጣይ፣ አቅልያት!»

ሁለተኛውን ቁልፍ ተጫንኩ። የሆዷ በር ተከፈተና በወረቀት የተጠቀለለው ዳቦ ቆሎ በገመዱ ማዶ እንደ በረዶ ዘነበ። ከሕዝቡ መሐል የጩኸት ማዕበል ተነሣ። የድንጋጤ ይሁን የደስታ መለየት አልቻልኩም። ለማየትም ጊዜ አልነበረኝም። ላንካስተሯ ግን ቀለለች። ከፍ አለች። በሦስት ሞተር!

ነፋሱ ወደ እኔ በሚገፋት በኩል ስትመጣ ወደ ኋላ እሸሻለሁ፣ በወዲያኛው በኩል ስትሆን ቦታዬን እመልሳለሁ። ጋሽ ተፈራ በማጉያው «ቀስ፣ ቀስ፣ አታጣድፊያት» ይላሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ረስተውት ለራሳቸው ይጸልያሉ፣ ጸሎታቸውም በሜዳው ሁሉ ይሰማል። የሞተሮቹን ጉልበት ቀስ በቀስ ቀነስኩ። መሬቱ ቀረበ። ጎማዋ ነካ፣ ነጠረች፣ እንደገና ነካ። እየተንከባለለች ሄዳ በጭራዋ ተቀመጠችና ቆመች።

ሜዳው በእልልታ ፈነዳ። ሰይድ ሮጦ መጥቶ አነሣኝ። ዓለሙ ሁሉ ይዞርብኝ ስለነበር ሁለታችንም ተያይዘን ወደቅን። ጋሽ ተፈራ «በሦስት ሞተር! በሦስት ሞተር ቤቷ ገባች!» ይላሉ፤ ማጉያውን ከአፋቸው አላነሡም፣ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። የወረዳው ሰውዬ ዳቦ ቆሎ እያኘከ ያጨበጭባል።

ዝናቡ መጣል ሲጀምር ነው እናቴን ያየኋት። ከሰዉ ኋላ፣ ከአንድ ሱቅ ግድግዳ ጥግ ቆማለች። ነጠላዋ አቧራ ለብሷል። መምጣቷን አላውቅም ነበር። አጠገቧ የነበረች ጎረቤታችን በኋላ እንደነገረችኝ፣ የአውሮፕላኗ ሆድ ሲከፈት እናቴ አጠገቧ የነበሩትን ሁለት የማታውቃቸውን ሕፃናት ጎትታ ከሥሯ አድርጋ፣ በነጠላዋ ሸፍና መሬት ላይ ተደፍታባቸዋለች። ሕፃናቱ ግን ከሥሯ ሾልከው ወጥተው ይለቅሙ ጀመር። አንደኛዋ ተመልሳ መጥታ ወረቀቱን ፈታችና «እማማ፣ ዳቦ ቆሎ ነው እኮ!» ብላ አፏ ላይ አደረገችላት። እናቴ እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ ብላ በላችው።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ እናቴ ሽቦው የላጠውን መዳፌን በሞቀ ውኃ እያጠበችልኝ ሳለ ድንገት «እህት ነበረችኝ» አለች።

እጄን ከውኃው አላወጣሁም።

«ዘርፌ ትባላለች። ታናሼ ናት። ጨው ልንገዛ ወጥተን ነው። ድምፁን ስንሰማ ገበያተኛው ሁሉ ቀና አለ። እኛም ቀና አልን። ፀሐይ ስላረፈበት ያበራ ነበር።» እጄን በፎጣ ጠቀለለችው። «ያምር ነበር፣ ቤዛ። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሲመጣ ያምር ነበር። ዘርፌ እጇን አውለበለበችለት።»

አቀፍኳት። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ዝም ብሎ አያውቅም።

አንባቢዎቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ጀግና ይሆናል ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ዛሬም መንገድ ስሻገር ግራ ቀኝ ደጋግሜ አያለሁ። ነገር ግን በዚያው ክረምት ለአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ትምህርት ፈተና ተቀመጥኩ። ፈተናው ክፍል ውስጥ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ቢንቀጠቀጥም ጻፈ። አሁን እውነተኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ተኝቼ ሽቦ እፈትሻለሁ። ሰይድና ጋሽ ተፈራም አብነት ውስጥ በሪቬት ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ እሑድ እሑድ ሄጄ አስታርቃቸዋለሁ።

ስለ ላንካስተር ብዙ አስባለሁ። ከሥሯ ስለነደዱት ከተሞች፣ በውስጧ ስለቀሩት ልጆች፣ ጣሪያ ላይ ወጥተው አንሶላ ስላውለበለቡት ረሃብተኞች። ያው አንድ ማሽን ናት፤ ሆዷም አንድ ነው። ይህን ሐሳብ እስከ ዛሬ አሳምሬ መቋጨት አልቻልኩም፣ እናንተም ከቻላችሁ ንገሩኝ።

እናቴ ግን አሁን ስለ ዘርፌ ታወራለች። ዘፈን እንደምትወድ፣ ቆሎ ከሰው እጅ እንደምትነጥቅ፣ ስትናደድ ጠጠር እንደምትወረውር። ባለፈው ሳምንት አብረን ራት ስንበላ ደግሞ ሳቅ ብላ «ዘርፌ ግራኝ ነበረች» አለችኝ።

እናንተ አታውቁም እንጂ እኔም ግራኝ ነኝ። በልጅነቴ በግራ እጄ ስጎርስ፣ በግራ እጄ ስጽፍ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ይቆጣኝ፣ መምህራን እጄን ይመቱኝ ነበር። እናቴ ብቻ አንድም ቀን «በቀኝሽ አድርጊ» ብላኝ አታውቅም። ዝም ብላ ታየኝ ነበር። ታይ የነበረው ማንን እንደሆነ ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ነው።